ያረምኳት አንዲት መስመር

ፕሮግራም ከምጽፍበት የፒያሳ ቢሮዬ የጸጥታ ሰዎች ሊወስዱኝ የመጡት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ጨዋዎች ነበሩ፤ ላፕቶፔን እንኳ ራሳቸው ተሸከሙልኝ። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከሰው ጀርባ ብዛት እስከ ወገብ ድረስ ያብረቀርቃል። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የዩኒቨርሲቲ መምህር ፍራሻቸውን አጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። "ና ልጄ፣ በዚህ በኩል አይበርድም" አሉኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ ከሆነ ሰው የተወሰዱ ብዙ ደብዳቤዎች ነበሩ። "ከዚህ ውስጥ የኢሜይል አድራሻ ብቻ ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም ልጆቻችን ጽፈው ነበር፤ እያበላሸ አስቸገረን" አለኝ። አየሁት። ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈች አጭር ነገር ናት። ከአድራሻው ጋር የተጣበቀውን የአማርኛ ፊደል አብራ ስለምትወስድ፣ የምታወጣው አድራሻ አብዛኛው የማይሠራ ነበር።

ማንም አልመታኝም። መትተውኝ ቢሆን ዛሬ የምለው አላጣም ነበር። የተበላሸ ሥራ አይቼ ማለፍ አልችልም፣ እጄን በላኝ። "የአማርኛውን ፊደል ተዪ" ብዬ መስመሯን አረምኳት። አድራሻዎቹ ንጹሕ ሆነው ሲወርዱ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። መርማሪው "አንተስ ጎበዝ ነህ" ብሎ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ያስመጣውን ጥብስ ዓሣ አቀረበልኝ። ከደብዳቤዎቹ ግርጌ ያለውን ስም ያስተዋልኩት ጣቴን እየላስኩ ነው። ጸሐፊው አብረውኝ የታሰሩት አዛውንት መምህር ነበሩ፤ አድራሻዎቹ የተማሪዎቻቸው።

ስመለስ ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

"ዓሣ በላህ?" አሉኝ መምህሩ።

"በላሁ፣ መምህር።" ከዚያም ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ልጆች እኮ ናቸው" አሉ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማታ ከቤታቸው የመጣላቸውን ሽሮ ሲከፍቱ ግን "ና፣ ቅረብ" ብለው ጠሩኝ። እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቅ አለ።

በማግስቱ መርማሪው ሌሎች ደብዳቤዎች ያሉበት ፍላሽ ይዞ አስጠራኝ። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"አልሠራም" አልኩ።

ጥፊ ስጠብቅ እሱ ሳቀ። "ግድ የለም፣ ትናንት ያረምከው ይበቃናል" አለና ፍላሹን ሰክቶ ፕሮግራሙን ራሱ አስነሳው። አድራሻዎቹ ያለ እኔ ይወርዱ ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው። ዓሣውን ሳልነካ ተነሣሁ፤ ያደረግኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ታስረው ከጎናችን ወዳለው ክፍል ገቡ። ጠዋት ጠዋት መዝሙር ሲዘምሩ በግድግዳው በኩል እንሰማ ነበር። መምህሩ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በድምፃቸው እየለዩ ስማቸውን ይጠሩ ነበር። እኔ የተኛሁ መስዬ ብርድ ልብሴን እከናነብ ነበር።

አሁን ተፈትቼ ፒያሳ ተመልሻለሁ። ያችን መስመር ለእንጀራዬ ዛሬም እጽፋታለሁ። በቅርቡ መምህሩን፣ እሳቸውም ተፈትተው፣ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ምሳ ካልጋበዝኩህ ብለው ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። ዓሣ አዘዙ። "ብላ እንጂ" አሉኝ፣ አጥንቱን ለቅመው ሥጋውን ወደ እኔ እየገፉ። ረስተውት ይሁን ይቅር ብለውኝ አልጠየቅኋቸውም። ቀና ብዬ ላያቸው ስላፈርኩ አቀርቅሬ በላሁ።