ለግሸን የተሳልኳት ብስክሌት

ሰው ስለት ሲሳል ሰከን ብሎ ቢሳል ጥሩ ነው። እኔ አልሰከንኩም። አምና አንድ ሚኒባስ ገፍትሮ ጥሎኝ ጉልበቴ ሲሰበር፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብስክሌት ይቅርብህ» አለኝ። አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ «የግሸኗ እመቤት፣ ዳግመኛ ብስክሌት ላይ ካወጣሽኝ፣ ብስክሌቴን ይዤልሽ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሌላ የምወደው ንብረት አልነበረኝማ! ጉልበቴ ዳነ። ያደረግኩት ነገር የገባኝ መንዳት ስጀምር ነው። መንዳት እንድችል ለምኜ፣ የምነዳትን ሰጥቻለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች ብስክሌት ናት። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየድኩ። ለስለት የገባ ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ሰጥቼ መልሼ እገዛታለሁ፤ ስለቴም ደረሰ፣ ብስክሌቴም ቤቷ ገባች። ገንዘቡን በውስጥ ኪሴ ሸጉጬ፣ ለወሩ ሃያ አንድ ሦስት ቀን ሲቀረው ተነሣሁ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ታጥፎ መቀመጥ ለጉልበቴ ስለማይሆን በአውሮፕላን ለመሄድ ወሰንኩ።

ቦሌ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ማታውን መሪዋን አዙሬ፣ የፊት ጎማዋን ፈትቼ፣ ፔዳሎቿን ነቅዬ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ሁሉንም በካርቶን አሽጌያለሁ። የግራው ፔዳል የሚፈታው ከሌላው ብሎን በተቃራኒ ነው። እሱን ረስቼ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቀው ነበር።

ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ካርቶኑን አየችና «ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ብስክሌት ናት።»

«ጎማዋን አስተንፍሰሃል?»

«አስተንፍሻለሁ።»

«ወሎ ብስክሌት ጠፍቶ ነው ከዚህ የምትሸከመው?»

«የግሸን ስለት ናት።»

እጇ ቆመ። «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት በሁለት በኩል ለጠፈችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እባክህ ለእኔም ሻማ አብራልኝ። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው» አለችኝ። ስለ ጨረታው ብልሃቴ አልነገርኳትም። አፈርኩ መሰለኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እንቅልፍና ንቃት መሐል ሆንኩ። ከታች ደመናው ተነጥፏል፤ እኔም እላዩ ላይ ስነዳ ይታየኝ ነበር። ፔዳል የለም፣ ዳገት የለም፣ ሚኒባስ የለም። አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ኮምቦልቻ አረፍን።

ከኮምቦልቻ ሐይቅ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ተቀምጬ ስገጣጥማት ሻንጣ የሚጭኑት ሁሉ ከበቡኝ። ጎማዋን በእጅ ፓምፕ ስነፋ አንዱ ተቀብሎኝ የኋላውን እሱ ጨረሰው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ወጣሁ ስል ግማሹን እየገፋሁ ነው። ደሴ ላይ ሽሮ በልቼ፣ ሻይ ደግሜ፣ ወደ ሐይቅ ቁልቁል ስለቃት ግን አቤት! የጤፉ አዝመራ በግራ በቀኝ ይፈስሳል፣ ጉልበቴ ዝም ብሏል፣ ነፋሱ ሸሚዜን ሞልቶታል። ሁለቴ ቆሜ የመጨረሻ ጉዞዬ ከሆነስ ብዬ መንገዱን ወደ ኋላ አየሁት።

ማታ ሐይቅ ከተማ የዓሣ ጥብስ በሦስት መቶ ብር በላሁ። በነጋታው ገና ጉሙ ሳይነሣ በውኃው ዳር ባለችው ጥርጊያ መንገድ ነዳሁ። ውኃውና ሰማዩ አንድ ሆነው ነበር። ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ ቆሞ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ተሰማ፤ ከወዲህ ደግሞ አንድ ሰው ሽንኩርቱን እየኮተኮተ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል። እኔ እየነዳሁ መሆኔን ሁሉ ረሳሁትና ሽንኩርቱ ውስጥ ገባሁ።

«አብሽር! ምንም አልሆነም!» አለኝ አንጎራጓሪው እጄን ይዞ እያነሣኝ። ሽበታም፣ ረጅም ሰውዬ ናቸው። አያ ይማም ይባላሉ። ስለ ሽንኩርቱ ይቅርታ ስጠይቅ እሳቸው ብስክሌቷን እየዳሰሱ ነበር። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ሳቁ።

«ወላሂ እኔም ነገ ወደዚያው ነኝ! ልጄ ጀሚላ ምጥ ጸንቶባት ጃንጥላ ተስዬ ነበር። አልሀምዱሊላህ፣ በሰላም ተገላገለች። በል አብረን እንሄዳለን።»

ግሸን

በደሴ በኩል ዞረን በአውቶቡስ ሄድን፤ ብስክሌቷ ጣሪያ ላይ፣ ጃንጥላው አያ ይማም ጭን ላይ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጀሚላ አወሩልኝ። ሐይቁን ዞሮ ካለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ጠዋት ማታ በእግሯ ትመላለሳለች፤ አሁን ደግሞ የወሊድ ፈቃዷ አልቋልና ሕፃኑን ለማጥባት እኩለ ቀን ላይም ትሮጣለች።

አውቶቡሱ ከቆመበት ወዲያ ዳገቱ የእግር ነው። ብስክሌቷን ስሸከማት ፔዳሏ ጎኔን እየወጋ አላስኬድ ስላለኝ ፔዳሎቹን ነቅዬ ካልሲዬ ውስጥ መለስኳቸው። አያ ይማም የፊት ጎማዋን አስፈትተው ትከሻቸው ላይ አጠለቁት።

«አያ ይማም፣ ይተዉት፣ ይከብድዎታል።»

«ዝም በል፤ አንተ ጉልበትህን ጠብቅ። ለዚያ አይደል የመጣኸው?»

እየወጣን ሳለ የሚወርደው ምዕመን ሁሉ ቆሞ ይስቅልናል። እሳቸው ትንፋሻቸው ሲያጥር ቆም ይሉና ጎማዋን በጣታቸው ያሽከረክሯታል። የጎማዋ ሽቦዎች ሲዞሩ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ያበራ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሴው አለቀ። የወለተ ማርያምን ሻማ አበራሁ። ጃንጥላው ገባ፤ ብስክሌቴም ጎማዋ ተገጥሞላት ገባች። ካህኑ ጉልበቴን በመስቀል ዳሰሱልኝ። ከዚያ ጨረታው ተጀመረ። ምንጣፍና ጥላ ከተሸጠ በኋላ የእኔዋ ወጣች። እጄን ውስጥ ኪሴ ከትቼ ገንዘቡን ጨበጥኩ።

«አምስት ሺህ!» አለ አጫራቹ። ማንም እጁን አላነሣም። በዚህ ተራራ ላይ ብስክሌት ለማን?

«ስድስት!»

ዞርኩ። አያ ይማም ናቸው። ያመጡት የሽንኩርት ገንዘብ እንደሆነ አወቅኩ።

«ስድስት ሺህ አንድ ጊዜ!»

ኪሴ ውስጥ ከዚያ እጥፉ አለ። «ሰባት» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«ስድስት ሺህ ሁለት ጊዜ!»

አያ ይማም ከሰው በላይ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። ፊታቸው በርቷል። «ለጀሚላ!» አሉኝ፣ አብሬያቸው ደስ እንደሚለኝ ቅንጣት ሳይጠራጠሩ። እጄ ከኪሴ አልወጣም። አልዋሽም፣ ዓይኔ ግን ከብስክሌቷ ላይ አልተነቀለም።

«ሦስት ጊዜ!»

እሳቸው ለማረፍ እዚያው ሲቀሩ እኔ የአውሮፕላን ሰዓት ስለነበረኝ ቀድሜ ወረድኩ። ስልክ ተለዋውጠን ስንሰነባበት አቅፈውኝ ካልሲው ወዳለበት ቦርሳዬ አየት አደረጉና ፈገግ አሉ። ልብ አላልኩትም።

ቤት

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ቦርሳዬን ስዘረግፍ ካልሲው መሬት ላይ ጓ አለ። ፔዳሎቹ! ስለቴን አጉድዬ መጣሁ፤ ያቺንም ልጅ የማትነዳ ብስክሌት ሰጠኋት። ወዲያው ደወልኩ።

«አያ ይማም! ፔዳሎቹ እኔ ዘንድ ቀርተዋል! ነገውኑ በአውቶቡስ እልካለሁ።»

«አውቃለሁ። ስንሰነባበት ካልሲህ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በጨረታው ሰዓት ፊትህን አየሁታ። መልሰህ ልትገዛት እንደነበር የገባኝ ገዝቼ ከወሰድኩ በኋላ ነው፤ ወላሂ እንቅልፍ ነሣኝ። አብሽር፣ ሐይቅ ላይ ሌላ ፔዳል አስገጥሜላታለሁ፤ ጀሚላ ዛሬ ሁለቴ ወድቃ ሦስተኛው ላይ ሄደች። የብስክሌቷን የራሷን ፔዳል ግን በአውቶቡስ እንዳትልክ።»

«ምን ላድርገው ታዲያ?»

«ይዘኸው ና። ራስህ ግጠምላትና ሐይቁን አንዴ ዙርባት።»

ግሸን የሄድኩት በአንድ እጄ ሰጥቼ በሌላው መልሼ ልወስድ ነበር፤ ያን የደበቅኩትን ምኞቴን አያ ይማም አዩልኝ። ፔዳሎቹን ጠርጌ፣ ግራስ ቀብቼ፣ ካልሲው ውስጥ መልሼ በሩ አጠገብ ሰቀልኳቸው። በግራው ላይ ወደየት እንደሚጠብቅ እንዳልረሳ በቀለም ቀስት ሠራሁበት።