የአብነት ባዶ ብርሌ

ቦንጋ ውስጥ የሰውን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ ከሰውየው ጋር አሥር ዓመት መኖር፣ ወይ ዓባይነሽን መጠየቅ። ሁለተኛው ይፈጥናል። ዓባይነሽ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ጠጅ ቤት ከከፈተች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን እሷ ቤት ተቀምጦ ያልፎከረ የቢሮ ኃላፊ፣ ያልተከራከረ መምህር፣ ሆዱ ብሶት ያላለቀሰ ነጋዴ ቢፈለግ አይገኝም።

የመጣችው ከጎጃም ነው። ባሏ ለገሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቡና ሊጭን ሲመላለስ ከተማዋን ወደዳትና አዲሷን ሙሽራ ጋቢና አስቀምጦ ይዟት ገባ። ሳምንት ሙሉ ዝናቡ አላባራ ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቷ አፀደ መጥታ በካፊኖኖ አንድ ሁለት ቃል ታስተምራት ጀመር፤ ለቅሶው በዚያው ቀረ። ለገሰ በድንገት ሲሞት ያገሯ ዘመዶች "ነይ፣ ተመለሽ" ብለው ላኩባት። እሷ መጻፍ ስለማትችል ያኔ ተማሪ የነበረውን የሠፈሩን ልጅ አብነትን ጠርታ መልሱን አስጻፈችው። "ባሌ እዚህ ነው ያለው። እኔም ከጎኑ ነኝ" የሚል አጭር ደብዳቤ ነበር። ልጁ ሲጽፍ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር አትረሳም።

ከዚያ ከአቅራቢያው ከሺሺንዳ ገበያ ማር እየገዛች ጠጅ መጣል ጀመረች። ጠጁ ስም አወጣ፤ እሷ ደግሞ በሰው አዋቂነቷ።

ዘዴዋን አትደብቅም። "ሰው ክፉ ሲያወራ እኔ የማየው ተናጋሪውን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ነው" ትላለች። "ነገሩ የጎረበጠው ሰው ጠጁን መጨረስ ያቅተዋል። ማጅራቱን እያከከ 'ሥራ አለብኝ' ብሎ ብርሌውን ከነጠጁ ትቶ ይነሣል። የተስማማው ግን ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ ነው የሚሄደው።" በዚህ ዘዴ የአፀደን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ የላከውን ሰው አንድ ቀን ሳይሞላው አስመልሳዋለች፤ ስለ ሰውየው በኋላ የተሰማው ሁሉ እሷ ካለችው አላለፈም። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት በራሷ ብትተማመን ማን ይፈርድባታል?

የ1997 ምርጫ ሲደርስ ያ ደብዳቤ ጸሐፊ አብነት የታሪክ መምህር ሆኖ፣ ጸጉሩም ሸብቶ፣ ለምክር ቤት በግል ተወዳደረ። ምልክቱ መሰላል ነበር። ዓባይነሽ ምልክቱን በሯ ላይ ለጠፈችና ለጠየቃትም ላልጠየቃትም "የእኔ ልጅ ነው" አለች። ከአብነት ጎን ግን ከፈለኝ ነበረ። አብሮ አደጉ ነው፤ ፖስተር ይለጥፍለታል፣ ሰው ይሰበስብለታል። ጉልበቱ ጥሩ፣ አፉ ግን ልጓም የለውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ቤቱን ሞልቶት እያለ፣ ዓባይነሽ ጓዳ ሆና ጠጅ ታጠልላለች። ከአብነት ጋር ተቀምጦ የሚጠጣው የከፈለኝ ድምፅ መጋረጃውን አልፎ መጣ።

"አብነት ይመረጥና መጤው ሁሉ ሻንጣውን ያዘጋጅ! ሱቁም ቢሮውም ለባለቤቱ ይመለሳል!"

መጥለያውን አስቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ከኖረችበት ከተማ፣ ባሏን ከቀበረችበት፣ ሻንጣ አዘጋጂ መባሏ ነው። የአብነትን መልስ ለመስማት ጆሮዋን ብታቆምም የወንበር መንኳኳት እንጂ ሌላ ነገር አልሰማችም። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትወጣ አብነት የለም። ብርሌው ግን አለ፤ ባዶ ነው፤ ጠብታ እንኳ አልተረፈበትም። እንደ ልማዷ የጎደለውን ብርሌ ሁሉ እየዞረች ሞልታ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። እዚያ ገብታ ነው ያለቀሰችው።

በማግስቱ የሴቶች ዕድር ስብሰባ ላይ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡት፣ የመምህራን ሚስቶችና ነርሷ ማርቲ፣ ፊታቸው ጠቁሯል። "እትዬ ዓባይ፣ እርስዎ ያውቁታል። አብነትም እንደ ጓደኛው ነው የሚያስበው?" ብለው ጠየቋት።

"ብርሌው ባዶ ነበር" አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋትም።

ቃሏ ዳገቱን ወርዶ ገበያውን አዳረሰ። የተቃራኒው ወገን ቀስቃሾች በድምፅ ማጉያ "ጓደኛውን አይታችሁ ፍረዱ!" እያሉ ከተማውን ዞሩ። መሰላሉ ከየበሩ ተገነጠለ፤ መጀመሪያ የተገነጠለው ከዓባይነሽ በር ነው። አብነት ሊያነጋግራት ቢመጣ በሩን ዘግታ ከውስጥ "ዓባይነሽ የለችም!" አለችው፤ በገዛ ድምፅዋ። እሱም "እሺ እትዬ፣ ሲመጡ አብነት መጥቶ ነበር ይበሉልኝ" ብሎ ሄደ።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከፈለኝ ብቻውን መጣ። ተኮሳትሯል።

"ይቅዱልኝ እስቲ፣ እትዬ ዓባይ።"

"ጓደኛህስ?" አለች፣ ማንቆርቆሪያዋን ሳታነሣ።

"ጓደኛ የለኝም! አብረን አድገን፣ ለእናንተ ብሎ ጣለኝ።"

"ለእኛ?"

"ለእናንተ ነዋ! ያን ቅዳሜ ያቺን ነገር ስናገር ብድግ አለ። ብርሌውን አንሥቶ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠና 'ካንተ ጋር የምጠጣው የመጨረሻዬ ይሄ ነው' ብሎኝ ወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን። ፖስተሩን እንኳ ብቻውን ነው የሚለጥፈው።"

ዓባይነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያ ባዶ ብርሌ!

"ታዲያ ለምን ይህን ለሰው አይናገርም?"

"'ጓደኛዬን አደባባይ ላይ አላዋርድም' ይላል አሉ። ምን ያደርግልኛል?" አለና ከፈለኝ ወደ እሷ ዞረ። "እርስዎ ይሻሉኛል። መጋረጃው ጀርባ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል፤ ግን ምንም ሳይሉ መጥተው ቀዱልኝ። ቅር እንኳ አላለዎትም።"

ሊያመሰግናት ፈልጎ ነው የተናገረው፤ እሷ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሚውን ሁሉ ስትመዝን ኖራ ማንቆርቆሪያ የያዘችዋን ሰሚ አንድም ቀን አልመዘነቻትም። አብነት ጠጥቶ ጥሎት ሄደ፤ እሷ መጥታ ሞላችለት።

ዓባይነሽ ደግሞ አፍራ አንገቷን ደፍታ የምትቀር ሴት አይደለችም።

"ከፈለኝ፣ መጤ ሻንጣውን ያዘጋጅ ብለሃል። እኔ ወዴት ልሂድ?"

"ኧረ እርስዎን ማለቴ አይደለም!"

"ታዲያ ማንን ነው? ሚስትህን ያዋለደቻትን ማርቲን ነው? ስም ጥራልኝ።"

ከፈለኝ ያልተቀዳለትን ብርሌ ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

"ስሙን ስታገኝ ና። ያን ጊዜ እቀዳልሃለሁ" አለችና ብርሌውን ከፊቱ አነሣች።

እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ አብነትን ራሷ አስጠራችው። ሴቶቹ ሲያዩት ተንሾካሾኩ። ዓባይነሽ ቆማ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች፤ የራሷንም አላስቀረችም። "ብርሌውን አይቼ ሰው ኮነንኩ። ከፈለኝ ያን ሲናገር አብነት ወዳጁን ትቶ ወጣ፤ እኔ ግን ጠጅ ቀዳሁለት። በእኔ መለኪያ ከሄድን አትምረጧት የምባለው እኔ ነኝ። ደግነቱ አልተወዳደርኩም።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አፀደ ብቻ አልሳቀችም፤ ወደ አብነት ዞራ "አንተስ ለምን ዝም አልክ?" አለችው።

"አብሮ አደጌ ነው፣ እትዬ አፀደ። በሰው ፊት ላሳጣው አልፈለግሁም።"

"ይገባኛል" አለች ዓባይነሽ። "ግን አንተ ለወዳጅህ ስትል ዝም ባልክበት ሳምንት ማርቲ የሥራ ዝውውር ጠይቃለች። ሰው ምረጡኝ ካለ በኋላ ዝምታው የራሱ ብቻ አይደለም። ያን ደብዳቤ የጻፍክልኝ አንተ ነህ፤ ምን እንደሚል ታስታውሳለህ?"

አብነት "'እኔም ከጎኑ ነኝ' ይላል" አለ። ቀጥሎ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ እያንዳንዷ እንድትሰማ አድርጎ፣ ከፈለኝ የተናገረው ስሕተት መሆኑን፣ እሱ ቢመረጥም ባይመረጥም ከዚህ ከተማ ማንም ማንንም ሻንጣ አዘጋጅ ማለት እንደማይችል ተናገረ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላም ገበያ መሐል ወጥቶ ይህንኑ ደገመው። ማርቲ የዝውውር ማመልከቻዋን ሰኞ ሄዳ መልሳ ወሰደች።

አብነት የምክር ቤቱን ወንበር አላገኘም፤ ሌላ ተወዳዳሪ አሸነፈ። የዳገቱ ምርጫ ጣቢያ ውጤት ሲለጠፍ ግን መሰላሉ አንደኛ ነበር። ዓባይነሽ ያን በቂ ነው ብላ አደረች።

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከፈለኝ መጣ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አብነትም በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ዓባይነሽ ባዶ ብርሌ አምጥታ ከፈለኝ ፊት አስቀመጠች፤ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እላዩ ላይ ቆመች፤ ጠበቀች።

ከፈለኝ ብርሌውን ሲያሽከረክር ቆየና በለሆሳስ "የምጠራው ስም የለኝም" አለ።

"ድምፅህን ከፍ አድርገው" አለችው ዓባይነሽ። "ያን ቀን እኮ ጓዳ ድረስ ነበር የሚሰማው።"