ዘይት የጠጣው ኪቦርድ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ላፕቶፕ ኪቦርዱ ቀጥ አለ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ነበር፤ እሷ ሳሎን ተቀምጣ የትምህርት ቤት ሥራዋን ስትጽፍ ድንገት «አባዬ፣ ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች። መጀመሪያ አጥፍተሽ አብሪው፣ ካልሆነ ሌላ ኪቦርድ ከውጭ ሰክተሽ ሞክሪው አልኳት። «አንተ ደግሞ ይህን ከየት አወቅኸው?» አለችኝ። ያ የድሮው ድንጋጤ ከነሙሉ ጉልበቱ መጣብኝ።

ያኔ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ማስረዳት ደግሞ ከዚያም በላይ እወዳለሁ። ዝናብ መጣ ያለኝን ሰው ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ሳልነግረው አልለቀውም ነበር። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋን ላፕቶፕ በስጦታ ሲያገኝ፣ ርእሰ መምህሩ የንብረት አያያዝ ደንብ እንዳወጣ አዘዙኝ። በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ተራ ቁጥር ያለው ደንብ ጻፍኩና ፈርሜበት የጸሐፊዋ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ጸሐፊዋ እትዬ ድንቅነሽ ይባላሉ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሰሜን ሲዛወር አብረውት መጥተው፣ እሱ ሲሞት ከሦስት ልጆች ጋር እዚሁ የቀሩ ሴት ነበሩ። ታይፕ ሲመቱ ጣታቸውን አያዩም፤ እየመቱ ያወሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ቢ.ፒ.አር የሚባለው የአሠራር ለውጥ መጥቶ የጸሐፊ መደብ ሊታጠፍ ነው ይባል ስለነበር፣ ትንሽ ጥፋት ብትገኝባቸው ከሥራ እንደሚወጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰኔ ውስጥ በአንዱ ሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ድንቅነሽ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ላፕቶፕ ብከፍተው ፊደሎቹ አልሠሩም። አንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ሰምጦ ይቀራል። ደነገጥኩ፤ ግን እውነቱን ለመናገር የምመረምረው ነገር በማግኘቴ ደስም አለኝ። አጥፍቼ አበራሁ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ። ከቢሮው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ኪቦርድ ነቅዬ ብሰካበት ጻፈ! «አንጎሉ ደኅና ነው፣ የታመመው እጁ ነው» ብዬ ለርእሰ መምህሩ በኩራት ገለጽኩላቸው። ከዚያ ቁልፎቹን በጥፍሬ አንድ በአንድ ሳነሳ ውስጡ በዘይት ርሷል።

ዘይት ሲባል ለኔ የመጣልኝ ዓሣ ነው። እሑድ እሑድ እኛ ወጣት መምህራን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን፣ ከዘይት የወጣ ትኩስ ዓሣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ እየበላን ጣታችንን ስንልስ እንውል ነበር። እትዬ ድንቅነሽ ምሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ እንደሚበሉ አውቃለሁ። ጋዜጣው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይቼ አላውቅም። ርእሰ መምህሩ «ማን እንዳበላሸው በጽሑፍ አስረዳኝ» ሲሉኝ ሦስት ገጽ ሙሉ አስረዳሁ። መደምደሚያዬ «ብልሽቱ የደረሰው ጸሐፊዋ መሣሪያው ላይ ዓሣ በመመገባቸው ነው» የሚል ነበር። ሐሙስ አስገባሁት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ልወስድ ጸሐፊዋ ክፍል ገባሁ። እትዬ ድንቅነሽ አሮጌዋን የጽሕፈት መኪና ከፍተው፣ በዶሮ ላባ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት እየቀቧት ነበር።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«አርብ አይደለም እንዴ? አዲሱንማ ታሟል ብዬ ተውኩት። ባለፈው አርብ እንኳ አጥግቤ ቀብቼው ነበር።»

«ላፕቶፑን? ማን ይቀቡ አለዎት?»

«አንተው ነሃ!» በላባው ግድግዳውን አሳዩኝ። «ተራ ቁጥር ዘጠኝ። ‹ማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ በየሳምንቱ አርብ ይጸዳል፣ ዘይት ይቀባል።› ፊርማህም ያው።»

ቀርቤ አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው። ያን ደንብ ግማሹን ከአንድ የድሮ የታይፕ መመሪያ እንዳለ ገልብጬ፣ ደግሜ እንኳ ሳላነበው ነበር የፈረምኩበት። ጠረጴዛውን ልደገፍ ስል እጄ አንድ ረቂቅ ላይ አረፈ። የርእሰ መምህሩ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «ከሥራ መታገድዎን ስለ ማሳወቅ» ይላል። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ የሚመቱት እትዬ ድንቅነሽ ናቸውና የገዛ እግዳቸውንም እንዲመቱ ለእሳቸው ተሰጥቷል። ከሥሩ የኔ ሦስት ገጽ አባሪ ሆኖ ተቀምጧል።

«አነበቡት?» አልኳቸው።

«ሳላነብ እንዴት እመታለሁ?» ላባውን አስቀመጡ። «ሥራውስ ይሁን፣ እግዜር ያውቃል። ግን መምህሬ፣ እኔ? በሰኔ ጾም ዓሣ? ሌላው በጾም ይብላ፣ እኔ በጾም ቀምሼ አላውቅም። እዚያ ጋዜጣ ውስጥ ያለው የተቀቀለ ድንች ነው።»

ደንቡን ከግድግዳው ነቅዬ ሮጥኩ።

«ምነው? ደግሞ ምን ልታስረዳኝ ነው?» አሉ ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው።

«ቀቡ ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ተራ ቁጥር ዘጠኝን አሳየኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «የሦስት ልጆች እናት ላባርር ነበርኮ!» አሉ። «በል፣ ይህንኑ በጽሑፍ አምጣ። አሁኑኑ። ማስጠንቀቂያው ላንተ ይሆናል።»

ስመለስ እትዬ ድንቅነሽ ወረቀቱን ከነካርቦኑ አስገብተው ጠበቁኝ። እኔ ቆሜ ቃሉን እየነገርኳቸው እሳቸው ይመታሉ። «ሪፖርቱን በስህተት በማቅረቤ» ስል ጣታቸው ቆመ።

«በስህተት ነው ወይስ ሳትጠይቅ?»

«ሳልጠይቅ» አልኩ።

«እሱ ይሻላል» ብለው መቱት።

ጡረታቸው እስኪደርስ ከዚያች ወንበር አልተነሡም። ጾሙ ሲፈታ ዓሣ ጠብሰው ቤታቸው ጠሩኝና፣ በዘይት የራሰ ጣታቸውን እያሳዩ «ይኸው፣ አሁን ጻፍ!» ብለው ከልጆቻቸው ጋር ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

መሣሪያ ሲበላሽ መፈተሽ ዛሬም እወዳለሁ። ስለ ሰው ጻፍ ስባል ግን ብዕር ከማንሣቴ በፊት ሄጄ ሰውየውን አነጋግራለሁ፤ ባልደረቦቼም በዚህ ዘገምተኛ ይሉኛል። ይበሉ። ያን አርብ ጠመኔ ባላጣ ኖሮ ያ ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ተመትቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ እኔም ጥሩ መርማሪ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይኸኛው ነው፤ ጥፋቴን ሳላውቅ እኖር የነበረ መሆኑ።