ቲማቲም መደብ ፊት የሚቆመው ፈረስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ የሰፈሩን ልጆች ሳሎናችን ውስጥ ሰብስባ ኮዲንግ ታስተምራለች። እኔ በሩ አጠገብ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም ያላለፈ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። ኮምፒውተሩ ላይ ባለቀለም ቁራጮች አሉ፤ አንዱ ላይ «ሂድ»፣ አንዱ ላይ «ቁም»፣ ሌላው ላይ «ድገም» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ልጆቹ እንደ ብሎኬት አንዱን ባንዱ ላይ ይደረድራሉ፤ የሣሉት ነገርም እንደታዘዘው ይንቀሳቀሳል።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ፈረስና ጋሪ ሠራች። የኔ ጋሪ መሆኑ ነው። አዳማ በባጃጅ ሳትሞላ በፊት እንጀራዬ እሱ ነበር።

«አባባ፣ ይምጡ ይዩልኝ» አለችኝ።

ፈረሱ ከመናኸሪያው ተነሣ፣ ገበያውን ሰንጥቆ በዚያው ሄደ።

«ገበያው ጋ መቆም ነበረበት» አልኳት።

«ለምን? ተሳፋሪ አለ?»

«ተሳፋሪስ የለም። አያትሽ ናት ያለችው።»

አያቷን አታውቃትም፤ እሷ ሳትወለድ ነው ያረፈችው። ስለዚህ ነገርኳት። አያትሽ የመቂ ቲማቲም ትሸጥ ነበር። ገና ሳንጋባ፣ ሰበብ እየፈለግሁ መደቧ ፊት ልጓም እይዝ ነበር። ውሎ ሲያድር ፈረሱ ለመደና ልጓሙን ሳልነካው ይቆም ጀመር። ሰው አሳፍሬም ይቆማል። ተሳፋሪው ይቆጣል፤ ጎረቤቶቿ ነጋዴዎች ደግሞ ባማርኛም በኦሮምኛም «ቲማቲም የሚወደው ፈረሱ ነው ባለቤቱ?» ይሉኛል። እሷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ፈረሱ ይሻላል፤ ሳይገዛ እየጨመቀ አያበላሽብኝም» ትላለች።

«ማንም ሳያዘው ይቆማል?» አለች የልጅ ልጄ። «ይሄኛው ግን ያልነገሩትን አያውቅም። ምን ትመስል እንደነበር ይንገሩኝ።»

ሻሿ ቢጫ ነበር አልኳት። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ሣለች፤ ከፊቷ ቀያይ ነገር ደረደረችላት። ሴትየዋ ጋ ሲደርስ እንዲቆም አዲስ ቁራጭ ገጠመች። ፈረሱ መጣ፣ ቆመ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ።

«ቸኮለ» አልኩ።

«አንድ ሰከንድ ብዬው ነው። ስንት ላድርገው?»

«የባለጋሪውና የሷ ጨዋታ እስኪያልቅ» አልኩ።

ሳቀች። «እንደዚህ የሚል ቁራጭ የለማ፣ አባባ።»

ከንፈሯን ነክሳ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሌላ አገኘች፦ ሰው ቁልፍ እስኪነካ ጠብቅ የሚል። ከታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ አሳየችኝ።

«ይኸው። መሄድ ሲፈልጉ ይቺን ይንኩ። ቼ እንደ ማለት ነው።»

ፈረሱ መጥቶ ባለ ቢጫ ሻሿ ፊት ቆመ። ልጆቹ ተነሥተው ወጡ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ አይመስላትም፤ አንገቷ አጥሯል። አቋቋሙ ግን ልክ ነው።

ልጄ ኮምፒውተሩን ልትዘጋ መጣች። «አባባ፣ ይንኩትና ይሂድ እንጂ።»

«ተይው» አልኳት። «ገና ምንም አልተጫወቱም።»