የባጃጅ ወንበር ሰፊዋ ጎልፍ ስትለጋ

ወለተ ጊዮርጊስ አንድ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሳታውቅ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ከጣና ዳር ከተማ ዓባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ሱቋ የባጃጅ ወንበር ትሰፋለች፤ ስፖንጁን ትቆርጣለች፣ ቆዳውን ትወጥራለች፣ ዳር ዳሩን በድርብ ስፌት ትከብባለች። የሰባታሚትን ኮረኮንች መንገድ ሲመላለሱ የሚውሉ ሾፌሮች «የወለተ ወንበር ወገብ ያድናል» ይላሉ። የእሷን ወገብ ግን የሚያድን አልተገኘም። ሃምሳ ዓመቷን ካለፈች ወዲህ ከስፌት መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ ጀምራለች። «ማጭድ ሆኜ ልቀር ነው መሰል» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ከጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ጩኸት በላይ ይሰማል።

ነገሩ የመጣው ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ነው። ቀጠን ያለ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ የደፋ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሞ የተቀደደ ጨርቅ ዘረጋላት።

«እትዬ፣ ይችን ይሰፉልኛል?»

ተቀብላ አገላበጠችው። ሁለት ሰፋፊ የጨርቅ ቀለበት ነው፤ መኻሉን ያያያዘው አጭር ማሰሪያ ተበጥሷል።

«ምንድን ናት? እርካብ እንዳልላት ብረት የላት፣ ማዘያ እንዳልላት ልጅ አትችል።»

«የጎልፍ መታጠቂያ ናት።»

«ጎልፍ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሰውየው ሳቀ። ስሙ አዘዘ ነው፤ ከሐይቁ ወዲያ ዳር፣ የቁንዝላ ልጅ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾችን የዱላ ሻንጣ ሲሸከም፣ ሲሸከም፣ እያየ ጨዋታውን ለመደ፤ ውሎ አድሮም አሠልጣኝ ሆነ። አሁን ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ከግቢው ጀርባ የነበረውን የሣር ሜዳ አሳጭዶ የጎልፍ መለማመጃ ሲያደርገው፣ «ሰው አሠልጥንልን» ተብሎ አገሩ ገብቷል።

«ትንሽ ኳስ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ በረጅም ዱላ ትመታና ሩቅ ካለ ጉድጓድ ትገባለች። በቃ፣ ይኸው ነው» አላት። «ሰው ግን ዱላውን ሲያነሣ ክንዱ እንደ ዶሮ ክንፍ ይበተንበታል። ይች መታጠቂያ ሁለቱን ክንድ ሰብስባ ትይዛለች።»

«ኳስ ለመምታት ታስሮ!» ብላ ወለተ ጊዮርጊስ ከት ብላ ሳቀች።

መርፌዋን ልታነሣ አለችና ተወችው። ወንበር ስትሰፋ ሰው በየት በኩል እንደሚከብድ አስቀድማ ታውቃለች፤ ይህ ነገር ግን ወዴት ወዴት እንደሚጎተት አታውቅም። ሳያዩ መስፋት አልሆንላት አለ። ሱቋን ቆልፋ ከአዘዘ ጋር ባጃጅ ተሳፈረች።

ሜዳው ላይ ያየችውን መቼም አትረሳውም። አንድ ሰው እግር በተሣለበት ሳንቃ ላይ ቆሟል። ከኮፍያው ጫፍ በክር የታሰረች እርሳስ አፍንጫው ፊት ተንጠልጥላለች። ከማጅራቱ እስከ መቀመጫው ቀጥ ያለ ዱላ ጀርባው ላይ ታስሯል። ክንዶቹም በሌላ መታጠቂያ ተጠፍረዋል።

«ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይትባረክ ይባላል፤ ከሐዋሳ መጥቶ ኮሌጅ የሚያስተምር ነው» አለ አዘዘ። «እርሳሷ ጭንቅላቱ ሲወዛወዝ ትነግረዋለች። የጀርባው ዱላ እንዳይጎብጥ ነው። ሳንቃው እግሩን ልክ ያስይዘዋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትልበስ ብለው እምቢ አለኝ።»

ይትባረክ የሚያወሩትን ሰምቶ፣ አንገቱን ሳያዞር ካለበት ጮኸ። «እንደምን አደሩ እትዬ! ዞሬ ሰላም እንዳልልዎት ታስሬያለሁ!»

ወለተ ጊዮርጊስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ግን የአዘዘን ሌላ መታጠቂያ ተቀብላ ከክርኗ በላይ አጠለቀችው። የት ላይ እንደሚጎትት ልታውቅ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አዘዘ ዱላ አስያዛት።

«ከወገብዎ አይጉበጡ፤ ከዳሌዎ ነው መታጠፍ። ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ መቀመጫዎ ወደ ኋላ እንደሚሄደው ማለት ነው።»

ወንበርስ የእሷ ነገር አይደል? ወዲያው ገባት። መጀመሪያ ነፋስ መታች። ቀጥሎ ሣር ነቀለች። ከዚያ ግን አንዴ ሰነዘረችና «ጧ!» አለ። ኳሷ ከፍ፣ ከፍ አለችና ከጣና ወዲህ ባለው ሰማይ ላይ ነጥብ ሆና፣ ወርዳ ሜዳው መጨረሻ ላይ አረፈች። ወለተ ጊዮርጊስ አፏን ከፍታ ቀረች። ከተረከዟ ተነሥቶ በጀርባዋ አልፎ እጇ ላይ የወጣ አንዳች ነገር ተሰምቷታል፤ ሕመም ያልሆነ ነገር በጀርባዋ ካለፈ ስንት ጊዜው!

«ድገመኝ» አለች፣ ጠላ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዱላዋን ዘርግታ።

የተቀደደው መታጠቂያ በማግስቱ ተሰፍቶ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ እሷም አልቆመች። ከባጃጅ ቆዳ ጠንካራ መታጠቂያዎች ሰፋች፤ ከተራፊ ስፖንጅ ደግሞ ብብት ሥር የምትያዝ ትንሽ ትራስ አወጣች። ክንድ ከደረት ከራቀ ትራሷ ዱብ ትላለች። አዘዘ ትራሷን አይቶ «በእችስ ፈንታ አዲስ አበባ ሰዎች ፎጣ ነበር የሚይዙት፤ የእርስዎ ታምራለች» ብሎ ተደሰተ። ሜዳውንም በፈለገች ሰዓት እንድትለማመድበት ፈቀደላት።

እንግዲህ የጎልፍ ፍቅር ያዛት። ሱቅ ውስጥ መታጠቂያዋን ሳታወልቅ ቆዳ ስትቆርጥ የሚያዩዋት ሾፌሮች «ወለተ፣ ማን አሰረሽ?» ይሏታል። «ራሴ!» ትላለች። ስትጎነበስ ከዳሌዋ መታጠፍ ለመደች፤ ጠረጴዛዋን በጡብ ከፍ አደረገችው፤ ግድግዳውን መያዝ እየተወች መጣች።

ባሏ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን በአቅራቢያው ካለው ደብር አቋቋም ያስተምራሉ። የሚስታቸውን አዲስ ነገር «ያልፍላታል» ብለው በዝምታ ነበር ያዩት። በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት ግን ከማኅሌት ደክሟቸው መጥተው ጋደም ባሉበት፣ ከግቢው «ቋ!» የሚል የቆርቆሮ ድምፅ ቀሰቀሳቸው። ወጥተው ቢያዩ ወለተ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ዘቅዝቃ ይዛለች። የመቋሚያው ራስ ወደ መሬት፣ እግሩ ወደ እጇ። እግሯ ሥር ሎሚ ተደርድሯል። አንዱ የጎረቤት ጣራ ላይ ገና እየተንከባለለ ነው።

«ወለተ! መቋሚያዬን?!»

ደነገጠች። መቋሚያውን ከጀርባዋ ልትደብቅ ሞከረች፤ ከራሷ በላይ ታየ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?» አለች የሞት ሞቷን።

«ጌታ አይቆጣ ይሆናል፤ መሪጌታ ግን ይቆጣል!»

ተቀብለዋት የመቋሚያውን ራስ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ተሳልመውት ወደ ቤት ገቡ። ወለተ ጊዮርጊስ ከንፈሯን ነክሳ ሎሚዋን ትለቅም ጀመር። ጥቂት ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና ራሳቸው ብቅ አለ።

«የመጨረሻዋ ሎሚ የት ወደቀች?»

«ከጣራው አልፋ ከወዲያኛው ግቢ።»

«ከወዲያኛው ግቢ?» ብለው ትንሽ አሰቡ። «እኔ በልጅነቴ ሩር ስለጋ ከዚያ አላሳለፍሁም።»

በሳምንቱ ከገጠር ሲመለሱ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ይዘውላት መጡ። «መቋሚያው የቅዱስ ያሬድ ነው። አንች በዚህ ልጊ» አሏት።

ጥምቀት ሲያልፍ ሎጁ ውድድር አዘጋጀ። ከዚያ በፊት አዘዘ ደጋግሞ መክሯታል። «እትዬ፣ መታጠቂያውን አልፎ አልፎ እያወለቁ ይምቱ እንጂ። እሷ መምህር ናት፤ ፈተና ቤት አብራ አትገባም።» ወለተ ጊዮርጊስ አንድ ቀን አውልቃ ሞክራ ነበር። ኳሷ ወደ ጎን ነጠረችባት። ወዲያው መልሳ ታጠቀችው። «ያማረ ምት እያለኝ ምን አስጨነቀኝ» አለች ለራሷ። ውስጧ ግን ያውቀዋል።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው ዳር ብዙ ሰው ተቀመጠ። አዘዘ ተወዳዳሪዎቹን ሰብስቦ «ዛሬ ዱላና ኳስ ብቻ። ሌላው ሁሉ ይወልቃል። ሦስት ሦስት ኳስ ትመታላችሁ፤ ወደ ጉድጓዱ ያስጠጋ ያሸንፋል» አለ። ይትባረክ ኮፍያውን ከነእርሳሷ አወለቀ፤ የጀርባውን ዱላ ፈታ፤ መታጠቂያውን አወጣ። «ራቁቴን የቆምኩ ነው የመሰለኝ» አላት በሹክሹክታ። «ዝም በል፣ እኔም ብርድ ብርድ ብሎኛል» አለችው።

ተራዋ ደርሶ ስትወጣ ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ነጭ ጥምጥም አየች። መሪጌታ ናቸው። እመጣለሁ አላሉም ነበር። ከጎናቸው ደቀ መዛሙርታቸው ተደርድረዋል።

ዱላዋን አነሣች። ክንዷ እንደተፈታ ዶሮ ተበተነ። ኳሷ መሬት ለመሬት ሮጣ ከሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ገባች። ከደንገሉ መኻል አንድ ትልቅ ነጭ የሐይቅ ወፍ ክንፉን እያርገፈገፈ ብድግ አለ። ሁለተኛዋን ሰነዘረች፤ ያችም እዚያው ገባች። ወፉ እንደገና ብድግ። አዘዘ መሬት መሬት ያያል። ወለተ ጊዮርጊስ ፊቷ ጋለ። ሱቋ በሆነችና በሯን በዘጋች!

በዚህ መኻል ወፉ ከደንገሉ ወጣ። በዚያ አጭር እግሩ እየተንገዳገደ ሜዳው ላይ መጣና፣ ረጅም መንቁሩን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ «ጨረስሽ ወይስ አለ?» እንደሚል ሰው ትክ ብሎ አያት።

ሳቋ መጣ። ልትይዘው ሞከረች፤ አልያዝ አለ። ዱላዋን ተደግፋ ያንን ወፍጮ የሚያስንቅ ሳቋን ለቀቀችው። ይትባረክ ተከተላት። ተመልካቹም ተቀበለ፤ መሪጌታም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ስቃ ስቃ ዓይኗን ስትጠርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ወርዶ አገኘችው። መዳፏም ዱላውን ማነቁን ትቷል።

ጊዜ አልሰጠችውም። ከዳሌዋ ታጠፈች። ክርኖቿ ማንም ሳያስራቸው በየቦታቸው ገቡ። ሰነዘረች።

«ጧ!»

ኳሷ ከዋርካው ቅርንጫፍ በላይ ወጣች። ሰው ሁሉ አንገቱን አቀና። ወርዳ ሣሩ ላይ ነጠረች፣ ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ጭብጨባውና እልልታው ወፉን እንደገና አስነሣው፤ አሁንስ አልተመለሰም፣ ወደ ደሴቶቹ ሄደ።

አላሸነፈችም። ሁለቱ የባከኑት ኳሶች ወደ ኋላ አስቀርተዋታል። ያሸነፈው ያ ሁሉ ትብትብ የነበረበት ይትባረክ ነው፤ ራሱም አላመነም፣ «እርግጠኛ ነህ?» እያለ አዘዘን ደጋግሞ ጠየቀው። ወለተ ጊዮርጊስ ሦስተኛ ወጣች። የሎጁን አርማ የያዘ ኮፍያ ተሸለመችና ከነጠላዋ ላይ ደፋችው። አዘዘ መጥቶ እጇን ጨበጠ።

«ያችን የመጨረሻዋን እንዴት መቷት?»

«እንጃ አዘዘ። ይዣት ነበር፤ ሳላስበው ለቀቅኋት።»

ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ወደሚሸተው ጓሮ ሲሄድ ሜዳው ባዶ ሆነ። መሪጌታ ደቀ መዛሙርታቸውን «ወደ ጓሮው ቅደሙ» ብለው ላኩና ሚስታቸው አጠገብ ቆሙ። ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ።

«ማንም የለም አይደል?»

«ማንም የለም፤ ምነው?»

«እስቲ ያንን ዱላ አቀብይኝ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ዓይኗ ፈጠጠ። ዱላውን ሰጠቻቸው፣ ኳስ አስቀመጠችላቸው። «ከዳሌዎ ይታጠፉ፣ አንቱ። ጭንቅላትዎ አይወዛወዝ።» መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እንደ ማኅሌት አሰላለፍ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰነዘሩ፤ ነፋስ። እንደገና ሰነዘሩ፤ ነፋስ። «ኳሷ ገና አላወቀችኝም» አሉና ሦስተኛውን ሙሉ ኃይላቸውን ሰጡት።

ኳሷ በእርግጥ ሄደች። የሄደችው ግን ወደ ጉድጓዱ አልነበረም፤ በግራ በኩል ጥምዝዝ ብላ የአበባውን አጥር ተሻግራ ወደ ጓሮው ወረደች። ከጓሮው አንድ ትልቅ የሳህን መንኮታኮት ተሰማ። ቀጥሎም የሴት ድምፅ፦ «ኧረ በስመ ሥላሴ! ማን ነው?!»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ሄደን ይቅርታ እንበላቸው» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፤ ሳቋ ግን ከወዲሁ ያንቃታል።

«እንላለን፣ ነገ እንላለን» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ዛሬስ ደቀ መዛሙርቱ እዚያው ናቸው፤ ነይ እንሂድ!»

ወደ በሩ ሮጡ። መሪጌታ ከፊት፣ ዱላው በእጃቸው፣ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው። እሷ ከኋላ፣ ወገቧን እንደ ድሮው ሳትይዝ። መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ሾፌሩ ዞሮ አያቸው።

«ምነው የኔታ፣ ምን አባረራችሁ?»

መሪጌታ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው ትከሻቸው ላይ ተደፍታ ስትንከተከት እሳቸውንም ሳቅ አሸነፋቸው። «ንዳው ልጄ፣ ዓባይ ማዶ» ብቻ አሉት፣ በሳቅ መኻል።