አምስቱ ወንድ ሚዳቋዎች

ጅጅጋ የተመደብኩት ከብትና ግመል እንድከትብ ነበር። ከወሎ የመጣሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ ያኔ ሶማሊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ ግን ማንም ያልነገረኝ ሥራ ጠበቀኝ። በአይሻና በሽንሌ በኩል ተሸጠው ከአገር ሊወጡ ሲሉ የተያዙ የዱር እንስሳት እዚያ ይቀመጡ ነበር፦ ሁለት አቦሸማኔዎችና በሽቦ አጥር ውስጥ ጥቂት ሚዳቋዎች። አቦሸማኔዎቹን ወደ መሃል አገር የሚወስድ መኪና ይመጣል ይባል ነበር፤ አልመጣም። ስለ ሚዳቋዎቹ ደግሞ የሚጠይቅም አልነበረም።

የሚጠብቋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሐርተሼክ ሜዳ ከግመል ጋር አሳልፈው፣ ድርቅ ግመሎቹን ሲጨርስባቸው ከተማ ገብተው ዘበኛ የሆኑ። "አዴር" እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሳቸው፣ አይደለሁም ብላቸውም "ዶክተር" ይሉኛል።

ሚዳቋዎቹ ሲመጡ ገና ግልገሎች ነበሩ፤ ሁለታችን በጡጦ አሳደግናቸው። የመጀመሪያዋ ስትወልድ ደስታው አላስችል ብሎኝ ለቢሮው ሁሉ ከረሜላ አዳረስኩ። ስለ ቦታው ያሰበ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም። በሦስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ደረሱ። አምስቱ የጎለመሱ ወንዶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ይዋጋሉ። አንድ ጠዋት አንዲት እርጉዝ ሆዷ በቀንድ ተቀዶ አገኘናት። ሰፋኋት፤ አልተረፈችም።

ኃላፊያችን አስጠሩኝ።

"አምስቱን ወንዶች አስወግጃቸው። ሥጋው ለአቦሸማኔዎቹ ይሁን።"

"ጤነኞች እኮ ናቸው" አልኩ።

"ሪፖርቱ ላይ በሽታ ገብቶ ነው በይ። ማን ይጠይቅሻል?"

"ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።"

ሰጡኝ። ግቢ አለው የተባለ ሰው ሁሉ ጋ ደወልኩ። "ሴት ከሆነች አምጪ" አሉኝ፤ ወንድ የሚፈልግ ጠፋ። ከዚያ አንዱን ጭነን ከሐርተሼክ ማዶ ሜዳው ላይ ለቀቅነው። ሣሩን ቀመሰ፣ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። መኪናው ሲነሳ ግን ተከተለን። ራቅ ብለን ቆመን ስናየው ከአርብቶ አደሮች መንደር ውሾች ወጡ። አልሸሸም። ውሻ የሚያውቀው ከአጥር ማዶ ሆኖ ነበር። ሮጠን ስናስጥለው የኋላ እግሩ ተሰብሮ፣ ጎኑ ተዘንጥሎ ነበር። አዴር በጩቤያቸው ገላገሉት።

 ስንመለስ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፦ በጡጦ ያደገ እንስሳ ሜዳ ላይ ጥሎ "ነጻ አወጣሁት" ማለት፣ መግደሉን ለውሻ አሳልፎ ሰጥቶ እጅን መታጠብ ነው። የቀሩት አራቱ መሞት ካለባቸው ሳልሸሽ ራሴ አደርገዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

"አስተኝቶ የሚገድል መርፌ አለ" አልኳቸው ለአዴር በማግስቱ።

"በመርፌ የሞተ ባክቲ ነው" አሉ፤ ጥንብ ማለታቸው ነው። "አውሬም አይበላው።"

ልክ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ቀርቶ አቦሸማኔዎቹን ይመርዛል።

"እኛ ዘንድ ወንድ ጠቦት ይታረዳል፤ የሚያለቅስለትም የለም" ቀጠሉ። "በከንቱ ግን አይሞትም። እኔ አርዳለሁ፣ በቢስሚላህ።"

"ለአውሬ ለሚሰጥ ሥጋም ቢስሚላህ ያስፈልጋል?"

"ለአውሬው መች አልኩ? እኔ ነፍስ እያጠፋሁ መሆኔን እንዳልረሳ ነው።"

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጀመርን። አንዱ የሌላውን ሞት እንዳያይ ወደ አንድ የቆርቆሮ ከለላ ጀርባ አንድ በአንድ አወጣናቸው። መጎተት አላስፈለገም፤ ስጠራቸው መጡ። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር። አዴር ፊቴን አይተው፣ "ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ" አሉ።

"ጡጦ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። እኔው እይዛለሁ።"

ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አድርጌ ያዝኩ። የአዴር እጅ ፈጣን ነበር። አቦሸማኔዎቹ ሲበሉም ቆሜ አየሁ። ቤት ገብቼ ልብሴን ሳጥብ ነው እንባዬ የመጣው።

ሪፖርቱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እንስሳቱ ጤነኛ ነበሩ። የሞቱት እንዲዋለዱ ስንፈቅድ ቦታ ስላላዘጋጀንላቸው ነው።"

ኃላፊው አንብበው ገፋ አደረጉት። "ቀይሪው። ራስሽን እኮ ነው የከሰስሽው።"

"አውቃለሁ። አልቀይርም። ከፈለጉ ሌላ ሰው ያስጽፉ፤ የኔ ፊርማ ግን በሽታ በሚል ወረቀት ላይ አያርፍም።"

ወረቀቱን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ፈረሙበት።

በዚያው ሳምንት የአጥሩን ውስጥ መሃል ለመሃል በሽቦ ለሁለት ከፈልኩት፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ገና ያልጎለመሱት ወንዶች በሌላው። አዴር እንጨቱን እየተከሉ አጉረመረሙ።

"ቢላዋ የአንድ አፍታ ነው። ይሄ ግን የዕድሜ ልክ ነው። መውለድ ከለከልሻቸው።"

"ለመታረድ ከሚወለድ ባይወለድ ይሻላል፣ አዴር።"

"እሱን ያልሽው አንቺ ነሽ። እነሱ አላሉም።"

አጥሩን ግን አላፈረስኩም። ወቅቱ ሲደርስ ሴቶቹ ሽቦውን ታክከው ሲመላለሱ ይውላሉ። አዴር ወደ እነሱ በአገጫቸው እያመለከቱ ያዩኛል፤ እኔም አየዋለሁ፣ በሩን ግን አልከፍትም። ከዚያ በኋላ እዚያ በቆየሁባቸው አራት ዓመታት በዚያ ጓሮ ግልገል አልተወለደም፤ ጤነኛ እንስሳም አልታረደም። አዴር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ "ተሳስተሻል" ማለታቸውን አልተዉም። በየጠዋቱ ግን ሣሩን ተካፍለን ተሸክመን፣ እሳቸው በአንዱ በር፣ እኔ በሌላው እንገባ ነበር።