የአክስቴ አልጋ በባቡር

ባለፈው ሳምንት ለልጄ አልጋ ገዝተን፣ ሁለት ወጣቶች የቂርያት ጋት አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት፣ ያለው ቤታችን ድረስ ተሸክመው አመጡልን። ላስቲኩን መቅደድ ሲጀምሩ የተሰማው መንሿሿትና የአዲሱ ፍራሽ ሽታ ባለሁበት አቆሙኝ። ባለቤቴ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልኩት፤ አላመነኝም። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ልጅ ሆኜ አሮጌው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ የኔ ክፍል ውስጥ ማንም የማይተኛበት አልጋ ነበር። አባቴ ለታላቅ እህቱ የገዛው ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኛ ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ስንመጣ እሷ ጎንደር ቀረች፤ የመምጫ ፈቃዷን ትጠብቅ ነበር። በዚህ ዓመት ትገባለች ሲባል አልጋውን ገዛ። ዓመቱ አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። አልጋው ከነላስቲኩ ግድግዳዬን ተደግፎ፣ የመስኮቴን ብርሃን ግማሹን እየከለለብኝ ቀረ። መስኮቱን በከፈትኩ ቁጥር ነፋሱ ላስቲኩን ያንሿሿዋል። አልጋውን በቀልድ እህቴ እለው ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አባቴ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ቤት መግባት ተወ። እኛ ቤት ጥርጣሬ በዘር የሚተላለፍ ነገር ነው። አባቴ ወተት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቀን ደጋግሞ ካላየ አይጠጣም፤ እናቴ ደግሞ አባቴን አታምንም። ሸሚዙን ታሸት ጀመር።

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለችኝ አንድ ቀን። «ናፍጣ የምትሸት ሴት አላውቅም። ቢሆንም ሂጅና እይልኝ።»

ተከተልኩት። ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ወጣና ከሐዲዱ ጎን ያለው የሽቦ አጥር ዘንድ ሄዶ ቆመ። አጠገቡ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሩሲያዊ ሽማግሌ ነበር። ባቡር ለማየት ብሎ ፀሐይ ላይ የሚቆም ጤነኛ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ሽማግሌው አባቴን ሊያታልለው ነው ብዬ ባሕር ዛፍ ተከልዬ ቆምኩ። የዕቃ ባቡር መጣ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የናፍጣው ጭስ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ሽማግሌው ፎቶ ሲያነሳ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ይኼ ደግሞ ጭራሽ አስጠረጠረኝ።

ወዲያው የጥበቃ መኪና መጥቶ ቆመ። ጥበቃው ካሜራ የያዘውን ሰውዬ ትቶ አባቴን መታወቂያ ጠየቀው። አባቴ ረጋ ብሎ መታወቂያውን ሰጠና፣ እሱ በተራው የጥበቃውን መታወቂያ ጠየቀ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ በዚያው ተያዝኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁሉንም ነገረኝ። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የቤት ዕቃ ሰብስቦ በኮንቴይነር ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው አለ። ዕቃው አሽዶድ ወደብ ይደርስና በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ይገባል። እስከ አሽዶድ ግን ላኪው መምረጥ ይችላል፤ በጭነት መኪና ከሆነ ቶሎ ይሄዳል፣ በባቡር ከሆነ ተራ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ መኪናውን ይመርጣል።

«ማሳዒት የፈለገበት ይታጠፋል» አለኝ፣ የጭነት መኪናውን በዕብራይስጥ ጠርቶ። «ራከቬት ግን ሐዲዱን ጥሎ የት ይሄዳል?»

ባቡሩንም ቢሆን ዝም ብሎ አላመነውም። ስንት ቀን አጥሩ ዳር የቆመው፣ ኮንቴይነሮቹ እውነት ሞልተው ሄደው ባዷቸውን እንደሚመለሱ ለማረጋገጥ ነበር። ሽማግሌው በጆሮ መለየት አስተምሮታል። የሞላው እያጉረመረመ ያልፋል፣ ባዶው ይንኳኳል።

ምን እንደሚልክ ስጠይቀው፣ «ካሁን በኋላ ክፍልሽ ብርሃን ያገኛል» አለኝ። ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ፣ ጎንደር ለሚጠብቁ ዘመዶች የሚላከው በመንገደኛ እጅ ልብስና መድኃኒት ብቻ ነበር። አልጋ መላክ ማለት፣ እዚያው ኑሪ ማለት ነው። የማትመጪ ሆነሻል ማለት ነው።

እናቴ የሴት ነገር አለመሆኑን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን አለቀሰች።

«ይኼን አልጋ ላክህ ማለት በቁሟ ቀበርሃት ማለት ነው» አለችው።

«ወለል ላይ እየተኛች ጀርባዋ አልቋል» አላት። «ወረቀቱ እስኪያልቅ ጀርባዋ ይጠብቃል እንዴ? ስትመጣ ሌላ እገዛላታለሁ።»

የመጨረሻውን ነገር ሲናገር ግን ወደ መሬት ያይ ነበር። ተስፋ መቁረጡን ከዚያ ወዲያ አልተጠራጠርኩም፤ በጣምም ተናደድኩበት።

አልጋው ከክፍሌ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ነጭ ቦታ ቀረ። ብርሃኑ እንደ ልብ ገባ፤ እኔ ግን መጋረጃውን ዘጋሁ። ኮንቴይነሩ ጥጉ የተጨረመተ ቀይ ነበር፤ አባቴ ከሌላ ጋር እንዳይቀየርበት ቆሞ አስጭኖ፣ ሲታሸግ አይቶ ነው የተመለሰው። ባቡሩ በሚሄድበት ቀን ሦስታችን አጥሩ ዳር ቆምን፤ እናቴም ኩርፊያዋን ይዛ መጥታለች። ቀዩ ኮንቴይነር እያጉረመረመ ሲያልፍ አባቴ እጁን አነሳ፣ ሰው እንደሚሸኝ። ሽማግሌው ፎቶ አነሳለት።

ብታምኚም ባታምኚም፣ ከዚያም በኋላ ወደ አጥሩ መሄዱን አልተወም። ከወደቡ የሚመለሱትን ባዶ ባቡሮች ይጠብቅ ጀመር፤ ቀዩ ኮንቴይነር አልጋችንን እንደያዘ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነው። ከወራት በኋላ አክስቴ ደወለች። አልጋው ደርሷል፣ ተኝታበታለች፣ ጀርባዋን ሻል ብሏታል። አባቴ ስልኩን ዘጋና አጥሩ ዳር መሄዱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወ።

የሠራዊት አገልግሎቴን ጨርሼ ጎንደር ልጠይቃት ሄድኩ። የተከራየቻት ክፍል ጨለም ያለች፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ያላት ናት። ቤት ውስጥ እንደገባሁ መጀመሪያ የሰማሁት ያንን መንሿሿት ነበር። አልጋው ተዘርግቷል፣ ላስቲኩ ግን አልተቀደደም። የእሷ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተነጥፏል።

ለምን አይተኙበትም ብዬ ጠየቅኳት። ላስቲኩን በመዳፏ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

«አንች ልጅ፣ ላስቲኩን ከቀደድሁት እዚህ ልቀር አይደል እንዴ?» አለችኝ። «እኔ የምተኛበት እወንድሜ ቤት ነው። እንዳትነግሪው ብቻ፣ ደክሞበታል።»

ተቃቅፈን አለቀስን። እነሆ አክስቴ ዛሬም ጎንደር ናት፣ ዛሬም ትጠብቃለች። አባቴ ግን የለም፤ እዚሁ ቂርያት ጋት ቀብረነዋል።

ያኔ ከጎንደር ስመለስ አባቴ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ይዞልኝ ትንሽ ከሄድን በኋላ አልጋው ተመችቷት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቃሌን ጠብቄ በጣም ተመችቷታል አልኩት። ቆመና ወተት ካርቶን ላይ ያለውን ቀን በሚያይበት ዓይን አየኝ።

«ላስቲኩን ቀዳዋለች?» አለኝ።

ወደ መሬት አየሁ። ፊቱ ይጠቁራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገና ፈገግ አለ።

«ጎበዝ» አለ። ለእኔ አልነበረም፤ ለእህቱ ነው።